ባይፓስ፦ ከተማ ዘለል መንገድ

ባይፓስ የሚባለው ከተማ ውስጥ ሳይገባ፣ ከተማዋን በጎን ትቶ የሚቀጥል አውራ ጎዳና ነው። ብዙ ሰው ቃሉን የሚያውቀው ከልብ ቀዶ ሕክምና ሲሆን እዚያም ሐሳቡ ያው ነው፤ ደሙ የጠበበውን ሥር ትቶ በሌላ እንዲያልፍ ይደረጋል። በአማርኛ «ተለዋጭ መንገድ» የሚሉት አሉ፤ ይህ ስም ግን ዋናው መንገድ ሲጠገን ለጊዜው ለሚከፈተው ኮረኮንችም ያገለግላል። «ማለፊያ መንገድ» ብንለው መንገዱን ያሞገስነው ይመስላል። «ቀለበት መንገድ» ደግሞ ከተማን ዙሪያውን ለሚከብ ተይዟል። ስለዚህ «ድንበር ዘለል» በሚለው አምሳል «ከተማ ዘለል መንገድ» የሚለውን መርጫለሁ።

መንገዱ ሲሠራ የሚሰጠው ተስፋ አንድ ነው፤ የከተማዋ መጨናነቅ ይቀንሳል። መቀነሱ እውነት የሚሆነው ግን በአንድ ሁኔታ ብቻ ይመስለኛል። በትንሽ ከተማ ዋና መንገድ ላይ የሚታየው ተሽከርካሪ ሁለት ዓይነት ነው፤ አላፊና ባለጉዳይ። አላፊው ከከተማዋ የሚፈልገው ነገር የለም፤ ተሳቢ የጎተተ የጭነት መኪና በገበያ ቀን ከጋሪው፣ ከባጃጁና ከበግ ነጂው ጋር እየተጋፋ የሚያልፈው ሌላ መንገድ ስላጣ ነው። ባለጉዳዩ ግን ሊጭን፣ ሊያራግፍ፣ ሊገዛ፣ ሊታከም ወይም ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ ነው። ከተማ ዘለል መንገድ የመጀመሪያውን ይወስዳል፤ ሁለተኛውን ሊወስድ አይችልም።

ለዚህ ቅርቡ ምሳሌ በ2014 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ነው። አሮጌው መንገድ በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ መሐል ያልፋል፤ አዲሱ ሦስቱንም በጎን ይተዋቸዋል። ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ የሚገባ የጭነት መኪና በሞጆም በቢሾፍቱም አላፊ ነው። ያው መኪና ኮንቴይነሩን የሚያራግፈው ሞጆ ደረቅ ወደብ ከሆነ ግን ሞጆ ላይ ባለጉዳይ ነው፤ የፈለገውን ያህል ሰፊ መንገድ ቢሠራለት መውጫውን ይዞ ወደ ሞጆ መታጠፉ አይቀርም። ቅዳሜና እሑድ ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች የሚወርደው መዝናኛ ፈላጊም እንደዚሁ ነው፤ በፍጥነት መንገዱ ቶሎ ይደርስና በቢሾፍቱ መውጫ በኩል ከተማው ውስጥ ይገባል። እንዲያውም ጉዞው ስላጠረለት ከድሮው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ሊመጣ ይችላል። ባጃጅና ጋሪ በፍጥነት መንገድ ስለማይሄዱ ዱሮም አሁንም መንገዳቸው አሮጌው ነው። በዚህ ላይ አዲሱ መንገድ ያስከፍላል፤ ክፍያው ጊዜ ከማትረፍ ይበልጥ የሚከብደው አሽከርካሪ አላፊም ቢሆን በከተማው መሐል መሄዱን ይመርጣል።

የከተማ ነጋዴዎች ተቃውሞ ግን ከትራፊክ ቆጠራ የሚጀምር አይደለም። አላፊው ሲቀር ነዳጅ ማደያው፣ ጎሚስታው፣ ምግብ ቤቱና አልቤርጎው ምን ይበላሉ? ጥያቄው ተገቢ ነው። አሜሪካ ውስጥ አሪዞና ያለችው ትንሿ ሴሊግማን በ1978 አዲሱ አውራ ጎዳና በጎን ሲያልፋት በታዋቂው ሩት 66 መንገደኛ የቆመው ንግዷ ክፉኛ ተመትቷል። እንደገና ያንሰራራችው ነዋሪዎቿ ተደራጅተው አሮጌውን መንገድ ራሱን የቱሪስት መስህብ ካደረጉት በኋላ ነው። በዚያው ግዛት ያለችው ዊሊያምስ በ1984 ተመሳሳይ ዕጣ ቢደርሳትም ወደ ግራንድ ካንየን መሄጃ በመሆኗ ጎብኚ የሚመጣባት የራሷ ምክንያት ነበራት። የዊስኮንሲን ግዛት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በ1998 ባወጣው ጥናት ከተማ ዘለል መንገድ በአብዛኞቹ ከተሞች አጠቃላይ ኢኮኖሚ ላይ ያደረሰው ጉዳት አነስተኛ መሆኑን፣ ይበልጥ የሚያሰጋው ለጥቃቅኖቹ ከተሞች መሆኑን ገልጿል። ነጋዴው የሚፈራው ነገር አለ ማለት ነው፤ ፍርሃቱ ግን በሁሉም ከተማ እኩል አይሠራም። ገበያ፣ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና ፋብሪካ ያላት ከተማ በመንገደኛ ምሳ ብቻ የምትኖር አይደለችም።

ሌላው ተቃውሞ ከመንገድ አጥኚዎች የሚመጣ ነው፤ መንገድ ሲጨመር መኪናም ይጨመራል ይላሉ። የብሪታንያ መንግሥት አማካሪ ኮሚቴ በ1994 ባቀረበው ሪፖርት አዲስ መንገድ ራሱ ተጨማሪ ትራፊክ እንደሚፈጥር አረጋግጧል። የዊስኮንሲኑ ጥናትም በመካከለኛና በትልልቅ ከተሞች የአሮጌው መንገድ ትራፊክ በረጅም ጊዜ ወደ ቀድሞው መጠን እንደተጠጋ፣ አልፎም እንደበለጠ አሳይቷል። ታዲያ መንገዱ በከንቱ ተሠራ? እኔ እንደዚያ አላየውም። የመኪናው ቁጥር አንድ ሆኖ ዓይነቱ ሊለያይ ይችላል። የአገር አቋራጭ ጭነት ቦታ በታክሲና በሸማች መኪና ሲተካ አስፋልቱን ተሻግሮ ትምህርት ቤት ለሚሄድ ልጅ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። እኛ ዘንድ መንገድ ባለፈበት ሁሉ ሱቅ ይከተላል። የአዲስ አበባ–አዳማው መንገድ በአጥር የተከለለና በተወሰኑ በሮች ብቻ የሚገባበት ስለሆነ ይህ አልደረሰበትም። አጥር የሌለው፣ ባለ ይዞታው ሁሉ በር የሚከፍትበት ከሆነ ግን ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ግራና ቀኙ በማደያና በመጋዘን ይሞላል፤ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይሠራበታል፤ ከተማ ዘለል የተባለውም ሁለተኛ የከተማ መንገድ ሆኖ ያርፈዋል። ያኔ ሌላ ከተማ ዘለል መንገድ ይሠራልን የሚል ጥያቄ ይነሣል።

ስለዚህ የከተማ አስተዳደሮች በጀት ከመጠየቃቸው በፊት በከተማቸው ሁለት ጫፍ ሰው አቁመው አሽከርካሪውን ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ ብለው ያስጠይቁ፤ በአዘቦት ቀንም በገበያ ቀንም። መልሱ ባብዛኛው «እዚሁ ነው የመጣሁት» ከሆነ የሚያስፈልጋቸው የጭነት መኪና ማቆሚያና ከመሐል ከተማ የወጣ መናኸሪያ ነው።