ርካሽ በረራ በዴንቨር፦ ከተመን ዘመን እስከ ሻንጣ ሒሳብ

ዴንቨር ከየትኛውም የባሕር ዳርቻ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀች ከተማ ናት። ስለዚህ የዴንቨር፣ የኦሮራና የሴንቴኒያል ነዋሪ ሩቅ መንገድ ሲያስብ፣ በመዝናኛ መርከብ ሊጓዝ የተነሣው እንኳ ሳይቀር፣ በመጀመሪያ የሚቆርጠው የአውሮፕላን ትኬት ነው። ከተማዋም ከ40 ዓመታት በላይ የአሜሪካ ርካሽ አየር መንገዶች የሚፎካከሩባት ትልቅ ገበያ ሆና ቆይታለች። አንዳንዶቹ እዚያው ተወልደው እዚያው ከስረዋል፤ ሌሎቹ ወጥተው ተመልሰዋል። ተሳፋሪው ግን «የትኛው ይሻላል?» በሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተስማማም። የአስተያየቱ መለያየት ምንጩ የሚታወቀው ትኬት ራሱ በእነዚህ ዓመታት ምን ያህል እንደተለወጠ ሲታይ ነው።

በአሜሪካ የትኬት ዋጋ ለረጅም ጊዜ በገበያ አይወሰንም ነበር። በ1938 በወጣ ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት አየር መንገዶችን መቆጣጠር ጀመረ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሥራው ብዙም ሳይቆይ ለሲቪል ኤሮናውቲክስ ቦርድ ተሰጠ። የትኛው ድርጅት ከየት ወዴት እንደሚበር የሚፈቅደውም፣ ተመኑን የሚያጸድቀውም ቦርዱ ነበር። በዋጋ መወዳደር ስላልተቻለ ፉክክሩ በምግብ፣ በመጠጥና በመስተንግዶ ላይ ሆነ። ትኬት የቆረጠ ሰው ሻንጣውም፣ ምሳውም፣ መቀመጫውም በአንድ ዋጋ ተጠቃለውለት ይጓዝ ነበር። ዋጋው ውድ ስለነበር ብዙው ሕዝብ በአውቶቡስ፣ በባቡርና በመኪና ይሄድ ነበር።

የዴንቨሩ ሞናርክ አየር መንገድ በረራ የጀመረው በዚያ ዘመን፣ በ1946 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ያደረገው በዚያው ዓመት ነበር። ሁለቱም ከጦርነቱ በኋላ በብዛት የተገኙትን የዳግላስ ዲሲ-3 ቤተሰብ አውሮፕላኖች ይዘው ተነሡ። ሞናርክ በ1950 ከቻሌንጀርና ከአሪዞና ኤርዌይስ ጋር ተዋሕዶ ፍሮንቲየር ተባለ። ሥራው በሮኪ ተራሮች ዙሪያ ያሉትን ትናንሽ ከተሞች ማገናኘት ሲሆን፣ ተሳፋሪ የሚያንስባቸውን መስመሮች የመንግሥት ድጎማ ይደግፋቸው ነበር። በ1973 ኤሚሊ ሃውል በፓይለትነት የተቀጠረችውም በዚሁ ድርጅት ነው። በዚያ ዘመን በመደበኛ የአሜሪካ አየር መንገድ በቋሚነት ፓይለት ሆና የተቀጠረች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ነበረች።

ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በኦክቶበር 1978 አየር መንገዶችን ከዋጋ ቁጥጥር ነፃ የሚያወጣውን ሕግ ሲፈርሙ የዴንቨር ገበያ ተናወጠ። በአሮጌው የስቴፕልተን ኤርፖርት ዩናይትድ፣ ኮንቲኔንታልና ፍሮንቲየር ሦስቱም ትልቅ የበረራ ማዕከል ነበራቸው። አንድ ከተማ ሦስት እንዲህ ያሉ ድርጅቶችን መሸከም ስለከበዳት ዋጋ በየጊዜው ይሰበር ጀመር። በ1983 ከቴክሳስ የመጣው ሳውዝዌስት በፉክክሩ ውስጥ ገባ፤ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶም ለቅቆ ወጣ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከኒው ጀርሲ ነው። በ1981 በኒውአርክ ሥራ የጀመረው ፒፕል ኤክስፕረስ ትኬቱን ከአገልግሎቱ ነጥሎ መሸጥን ለአሜሪካ ተሳፋሪ ካስተዋወቁት አንዱ ነበር። ለሚጫን ሻንጣ 3 ዶላር፣ ለአንድ ስኒ ቡና 50 ሳንቲም ያስከፍላል፤ የጉዞውንም ዋጋ ሠራተኞቹ በአየር ላይ እየዞሩ ይሰበስቡ ነበር። ይህ ድርጅት በ1985 ፍሮንቲየርን ገዛና በራሱ መልክ ሊቀርጸው ሞከረ። የፍሮንቲየር ደንበኞች ግን ትኩስ ምግብና ጥሩ መስተንግዶ የለመዱ ነበሩ፤ ለውጡን ሳይወዱት ቀሩ፤ ብዙዎቹም ወደ ዩናይትድና ወደ ኮንቲኔንታል ዞሩ። ዩናይትድ ድርጅቱን ለመግዛት ተደራድሮ ከፓይለቶች ጋር መስማማት ሳይቻል ቀረ። በኦገስት 1986 ፍሮንቲየር በረራ አቁሞ ኪሳራ አወጀ። ርካሽነት ብቻውን ደንበኛ እንደማያቆይ ዴንቨር ያየችው ያኔ ነው።

በ1995 ፌብሩዋሪ መጨረሻ ስቴፕልተን ተዘግቶ አዲሱ የዴንቨር ዓለም አቀፍ ኤርፖርት ተከፈተ። ግንባታው ወደ 4.8 ቢሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ መክፈቻውም ከተያዘለት ቀን 16 ወራት ዘግይቷል። ለመዘግየቱ ዋናው ምክንያት ሻንጣን በራሱ ያደርሳል የተባለው አውቶማቲክ መሣሪያ አልሠራ ማለቱ ነው። የአዲሱ ኤርፖርት ወጪ በአየር መንገዶቹ ላይ፣ በመጨረሻም በትኬቱ ላይ አረፈ። ኮንቲኔንታል ከመክፈቻው በፊት የዴንቨር ማዕከሉን እያጠፈ ነበር። በተፈጠረው ክፍተት የቀድሞው ፍሮንቲየር ኃላፊዎች ስሙን መልሰው አነሡት። አዲሱ ፍሮንቲየር በጁላይ 1994 ወደ ሰሜን ዳኮታ ከተሞች በመብረር ጀመረ፤ በአውሮፕላኖቹ ጭራ ላይ በሚሥላቸው የዱር እንስሳትም ታወቀ።

የዴንቨርን ውድነት አይቶ የመጣ ሌላ ተፎካካሪም ነበር። ዌስተርን ፓሲፊክ በአፕሪል 1995 ከዴንቨር በስተደቡብ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሥራ ጀመረ። የአውሮፕላኖቹን ገላ ለማስታወቂያ እያከራየ፣ መድረሻው አስቀድሞ የማይነገር የቅናሽ ትኬት ሳይቀር እየሸጠ ትኩረት ሳበ። የደቡብ ዴንቨር ነዋሪ ዋጋ ፍለጋ በአውራ ጎዳና ቁጥር 25 ወደዚያ መንዳት ጀመረ። ድርጅቱ በ1997 ወደ ዴንቨር ሲዛወር ግን ከሁለት ትላልቅ ተፎካካሪዎች ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። ከፍሮንቲየር ጋር ሊዋሐድ የጀመረው ውይይት ፈረሰ፤ በፌብሩዋሪ 1998ም በረራው ቆመ።

በሴንቴኒያል ደጃፍ ያለው ኤርፖርት የዚህ ገበያ አካል ሳይሆን ቀርቷል። በ1968 የተከፈተው የሴንቴኒያል ኤርፖርት ለግል አውሮፕላኖችና ለበረራ ትምህርት ቤቶች የሚያገለግል፣ በዓይነቱ በአሜሪካ ካሉት እጅግ ብዙ እንቅስቃሴ ከሚታይባቸው አንዱ ነው። በ1994 መጨረሻ አንድ ትንሽ ድርጅት ከዚያ ተነሥቶ ቋሚ የመንገደኛ መስመር ሲጀምር የኤርፖርቱ አስተዳደር ከለከለው። ነገሩ እስከ ኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1998 ፍርድ ቤቱ እገዳውን ደገፈ። ከፌዴራሉ አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ጋርም ሌላ ክርክር አስነሥቷል። በዚህ የተነሣ የሴንቴኒያል ሰው ከቤቱ አጠገብ ኤርፖርት እያለ በክፍያ መንገድ አቋርጦ ወደ ዴንቨሩ ኤርፖርት ይሄዳል። የመንገዱና የመኪና ማቆሚያው ክፍያ በትኬቱ ላይ ባይጻፍም የጉዞው ወጪ አካል ነው።

የርካሽ አየር መንገድ ጥቅም ለራሱ ተሳፋሪ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ትራንስፖርት ሚኒስቴር በ1993 ያወጣው ጥናት ሳውዝዌስት በገባበት መስመር ሁሉ የሌሎቹም ዋጋ እንደሚወርድና የተሳፋሪው ቁጥር እንደሚጨምር አሳይቷል። ዴንቨርም ይህንኑ አይታለች። ዩናይትድ ፍሮንቲየርን ለመመከት በፌብሩዋሪ 2004 «ቴድ» የተባለ ርካሽ ቅርንጫፍ ከዴንቨር አስነሣ። ሳውዝዌስት በጃንዋሪ 2006 ተመልሶ ሲመጣ ፉክክሩ ይበልጥ ከረረ። በ2008 የነዳጅ ዋጋ ሲሰቀል ቴድ እንዲታጠፍ ተወሰነ። ፍሮንቲየርም በዚያው ዓመት በአፕሪል ከአበዳሪዎቹ ጥበቃ ጠየቀ። ለዚህ ያጣደፈው የካርድ ክፍያዎቹን የሚያስተናግደው ፈርስት ዳታ ከትኬት ሽያጭ የሚገኘውን ገንዘብ በብዛት ይዞ ለማቆየት መነሣቱ ነበር። ፈርስት ዳታ ያን ጊዜ ዋና ቢሮው ከሴንቴኒያል ጋር በምትዋሰነው ግሪንዉድ ቪሌጅ ነበር።

ከዚያ ዓመት በኋላ ትኬቱ በየክፍሉ ተበተነ። በ2008 አጋማሽ አሜሪካን አየር መንገድ ለመጀመሪያዋ የምትጫን ሻንጣ 15 ዶላር ማስከፈል ሲጀምር ዩናይትድ ወዲያው ተከተለው። በ2010 ስፒሪት የተባለው ርካሽ አየር መንገድ በእጅ ለሚያዝ ሻንጣ እንኳ ክፍያ ጣለ። ፍሮንቲየር በ2009 ለሪፐብሊክ ኤርዌይስ፣ በ2013 መጨረሻ ደግሞ ለኢንዲጎ ፓርትነርስ ከተሸጠ በኋላ በ2014 ያንኑ መንገድ ያዘ። ትኬቱ ሰውየውንና ከመቀመጫ ሥር የምትገባ አንዲት ትንሽ ቦርሳ ብቻ የሚሸፍን ሆነ። የቦርሳዋ ልክ 36 በ46 በ20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በመሳፈሪያው በር አጠገብ የቆመው የብረት ሣጥን መለኪያዋ ነው፤ በሣጥኑ ውስጥ ያልገባች ቦርሳ እዚያው በር ላይ ትከፈልባታለች፤ ዋጋውም አስቀድሞ ከተከፈለ ከሚያስወጣው ይበልጣል። የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ፍሮንቲየርና ስፒሪት ልክ ያለፈ ሻንጣ ለያዙ የበር ሠራተኞች በ2022 እና በ2023 በድምሩ 26 ሚሊዮን ዶላር ማበረታቻ ከፍለዋል።

ትኬቱን ርካሽ አድርጎ ተጨማሪውን ለየብቻ የማስከፈል አሠራር በባሕር ላይም የታወቀ ነው። በ1972 ቴድ አሪሰን በማያሚ የመሠረቱት ካርኒቫል በአንድ ያገለገለ መርከብ ጀምሮ የመሳፈሪያውን ዋጋ ዝቅ አደረገ፤ ከመጠጥ ቤትና ከቁማር የሚገባውንም ገንዘብ የገቢው አንድ ምሰሶ አደረገው። ዛሬም ርካሽ በሚባሉት የመዝናኛ መርከቦች ላይ መጠጥ፣ ኢንተርኔትና ጉርሻ በአመዛኙ ለየብቻ ይታሰባሉ። የዴንቨር መንገደኛ ደግሞ ወደ ማያሚ ወይም ወደ ጋልቬስተን ወደብ የሚያደርሰውን በረራ ሊጨምርበት ይገባል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ መርከብ ወይም በአንድ አውሮፕላን ተጉዘው አንዱ «በነፃ ያህል ሄድኩ» ሲል ሌላው «ተዘረፍኩ» ቢል ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

በዴንቨር ያሉት አስተያየቶች በጥቅሉ በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ትንሽ ቦርሳ ይዘው፣ ቀናቸውን እንደልብ መለወጥ የሚችሉና መቀመጫ የማይመርጡ ናቸው፤ ለእነሱ ፍሮንቲየር ቀድሞ የማይታሰበውን ጉዞ አስችሏል። ሁለተኛዎቹ ልጆች ይዘው የሚጓዙ ወይም ለሠርግና ለለቅሶ በተወሰነ ቀን መድረስ ያለባቸው ናቸው። በረራ ሲሰረዝ በቀኑ ሌሎች ብዙ በረራዎች ያሉት ትልቅ ድርጅት ቶሎ ሊያሻግራቸው ይችላል፤ በአንዳንድ መስመሮች በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ የሚበር ርካሽ ድርጅት ግን ሊያስጠብቃቸው ይችላል። ሦስተኛዎቹ ለረጅም ጊዜ ሁለት ሻንጣ በነፃ ይጭን የነበረውን ሳውዝዌስትን መካከለኛ መንገድ አድርገው የያዙ ናቸው።

በኦሮራና በአካባቢዋ የሚኖረው ብዙ ኢትዮጵያዊ ሒሳቡ የራሱ መልክ አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዴንቨር አይበርም። ወደ ዋሽንግተን መብረር የጀመረው በ1998 ሲሆን፣ በዲሴምበር 2011 ዩናይትድ ያለበትን የስታር አላያንስ ኅብረት ተቀላቅሏል። ስለዚህ ከዴንቨር እስከ አዲስ አበባ በአንድ ትኬት መሄድ ይቻላል፤ በትኬቱ የሚፈቀዱት ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣዎችም ቦሌ ላይ ይወሰዳሉ። ለዘመድ ጫማና ልብስ ሞልቶ የሚሄድ፣ ሲመለስም በርበሬና ሽሮ የሚያመጣ ሰው እስከ ዋሽንግተን በርካሽ ድርጅት ለየብቻ ትኬት ቢቆርጥ ለየሻንጣው ይከፍላል። ሻንጣዎቹንም መሃል ላይ ተቀብሎ እንደገና ያስመዘግባል። ርካሹ በረራ አንዳንድ ጊዜ በሬገን ወይም በባልቲሞር ኤርፖርት ያርፋል፤ የአዲስ አበባው ግን ከዱለስ ኤርፖርት ነው የሚነሣው። የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ በሌላ ትኬት የተያዘው ሁለተኛው አይጠብቅም። ያው ሰው ለአንድ ቅዳሜና እሑድ ላስ ቬጋስ ዘመድ ጥየቃ ሲሄድ ግን ርካሹ ድርጅት ያለ ጥርጥር ሊያዋጣው ይችላል።

የተሳፋሪውን ጥያቄ ለማቃለል መንግሥት ደረጃ በደረጃ ገብቷል። ከ2012 ጀምሮ አየር መንገዶች የሚያስተዋውቁት ዋጋ ግብርን ሁሉ ማካተት አለበት። በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት ለተሰረዙ በረራዎች ገንዘብ በመመለስ ላይ በተነሣው ቅሬታ ፍሮንቲየር በ2022 ለመንገደኞች 222 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ፣ 2.2 ሚሊዮን ዶላርም እንዲቀጣ ተደርጓል። በ2024 የጸናው ደንብ ደግሞ በረራው የተሰረዘበትና ሌላ አማራጭ ያልተቀበለ ሰው ገንዘቡ ሳይጠይቅ እንዲመለስለት ያዛል።

በርካሽና በመደበኛ አየር መንገድ መካከል የነበረው ድንበርም እየደበዘዘ መጥቷል። ዩናይትድ በ2017 በአገር ውስጥ በረራ ላይ ትልቅ የእጅ ሻንጣ የማይፈቅድ ዝቅተኛ ትኬት መሸጥ ጀመረ። ፍሮንቲየር በ2022 ሊዋሐደው ሞክሮ ያልተሳካለት ስፒሪት በኖቬምበር 2024 ኪሳራ አወጀ። ሳውዝዌስትም ከሜይ 28 ቀን 2025 ጀምሮ ለአብዛኛው ተሳፋሪ የሻንጣን ነፃነት አስቀረ። በተቃራኒው ፍሮንቲየር በ2024 ሻንጣና መቀመጫ አንድ ላይ የተጠቃለሉበትን ትኬት በግልጽ መሸጥ ጀመረ። ስለዚህ ዛሬ በዴንቨር ዩናይትድን፣ ሳውዝዌስትንና ፍሮንቲየርን በስማቸው ብቻ ማወዳደር ብዙ አይጠቅምም። በየድርጅቱ ውስጥ ያሉትን የትኬት ዓይነቶች፣ ሻንጣውን፣ መቀመጫውን፣ ወደ ኤርፖርት የሚወስደውን መንገድና በረራው ቢሰረዝ የሚቀረውን አማራጭ ደምሮ ማየት ያስፈልጋል። ከ1978 በፊት ይህን ሁሉ ቦርዱ ባጸደቀው አንድ ተመን ውስጥ ያገኘው የነበረ ተሳፋሪ፣ ዛሬ እያንዳንዱን ራሱ ይመርጣል፤ ለመረጠውም ይከፍላል።