የአዘቦት ቀን የክት ልብስ ስትለብስ

መጋቢት 1960 ዓ.ም. በስድስት ኪሎው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ራስ መኮንን አዳራሽ ውስጥ የፋሽን ትርኢት ተሰናዳ። አጭር ቀሚስ ዓለምን ያዳረሰበት ጊዜ ነው። ተማሪዎች ትርኢቱን የባህል ወረራ ነው ብለው ተቃወሙት። ሁከት ተነሣ፣ ፖሊስ ገባ፣ የታሰሩ ታሰሩ፣ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። ነገሩ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወራው ፖለቲካው ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን በዚያ ዘመን የሰልፍ ፎቶግራፎች ላይ ተማሪዎቹ ራሳቸው ኮት ለብሰው፣ ብዙዎቹም ከረባት አስረው መታየታቸው ነው። መንግሥትን ሊቃወም አደባባይ የወጣ ወጣት እንኳ የሚወጣው ለብሶ ነበር።

ያ ትውልድ ያደገው ልብስ ክትና አዘቦት ተብሎ በሚለይበት ቤት ነው። የክቱ ታጥቦና ታጥፎ ሳጥን ይገባል፤ ለበዓል፣ ለሠርግ፣ ለክርስትና ይወጣል። የአዘቦቱ እስኪያልቅ ይለበሳል። ከጣሊያን ወረራ ነጻ ከተወጣ በኋላ አዲስ አበባ ስትሰፋ ግን ይህ ድንበር ከተማው ውስጥ ፈረሰ። መሥሪያ ቤቱ፣ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው፣ የፒያሳ ኬክ ቤት ሁሉ የክት ልብስ የሚለበስበት ስፍራ ሆነ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቆሞ ማኪያቶ ለመጠጣት ሙሉ ልብስ ይለበሳል፤ ጫማ ሊስትሮ ዘንድ ይጠረጋል፤ ባርኔጣ ይደፋል። ለጥቂት ዐሥርት ዓመታት፣ ቢያንስ በከተማ፣ የአዘቦት ቀን የክት ልብስ ለበሰች። የምንናፍቀው ይህንን ይመስለኛል።

ከፈረንጅ የተቀዳ ነው የሚሉ አሉ። ኮቱና ከረባቱ አዎን፤ ሰው ፊት ሲቀርቡ በልብስ አክብሮትን መግለጽ ግን ከኮት በፊትም እዚሁ የነበረ ነው። ከታላቅ ሰው ፊት የሚቆም ሰው ሸማውን ወገቡ ላይ ያደገድጋል። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ነጠላውን መስቀለኛ ያጣፋል። ኀዘን የደረሰባት ሴት ጥለቱን ወደ አንገቷና ወደ ፊቷ አዙራ ትለብሳለች፤ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ማንም ሳይነግረው ከሩቅ ዐውቆ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ያው አንድ ነጠላ ነው፤ ጌጥም አልተጨመረበትም። የአለባበሱ ስልት ብቻ ሰላምታም፣ ጸሎትም፣ ለቅሶም ይሆናል። ዐፄ ምኒልክ በነጭ ሻሽ ላይ ሰፊ ባርኔጣ ደፍተው የተነሡትን ፎቶግራፍ ያየ ሰው ደግሞ የባዕዱ ልብስ በቤቱ ወግ ላይ እንዴት እንደተደረበ ይረዳል።

ሙሉ ልብስ በዚያን ጊዜ እንዳሁኑ ተሰቅሎ የሚጠብቅ ዕቃ አልነበረም። ጨርቁ፣ ካሽሚሩ፣ ገበርዲኑ፣ ኋላም ቴትሮኑ፣ በሜትር ይገዛል። ልብስ ሰፊው ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ ይለካል፤ በጠመኔ ያሰምራል፤ ለልክ ይጠራል፤ እንደገና ይጠራል። ከአርመኖች፣ ከጣሊያኖችና ከየመን ዐረቦች ዘንድ ሙያ የቀሰሙ የአገር ልጆች በመርካቶ በረንዳዎች ላይ ሲንጀራቸውን ተክለው ኖሩበት። ልብሱ ሲደርስ ፎቶ ቤት ይኬዳል። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥቱን ሰዎች ያነሡት የቦያጂያን ቤተሰብ ናቸው፤ ኋላ በየሰፈሩ የተከፈቱት ፎቶ ቤቶች ግን ተራውን ሰው አነሡ። ኮት ለሌለውም ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ኮትና ከረባት ያውሱት ነበር። ይህን እያወቅሁ እነዚያን ፎቶዎች ሳይ ፍቅሬ አይቀንስም። በተዋሰው ኮት ቀጥ ብሎ የቆመው ወጣት እናቱ እንድታየው የፈለገው እንደዚያ ሆኖ ነው።

ፎቶግራፉ የማያሳየው የአንዱ ነጭ ሸሚዝ ድካም ነው። ሸሚዙ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ማታ ታጥቦ ጠዋት ይለበሳል። ኮሌታው ሲነትብ ይገለበጥና ሌላ ዕድሜ ያገኛል። ካውያው የከሰል ነው፤ ብልጭታ ካመለጠው ሱሪው ይቃጠላል። ነጠላውና ቀሚሱ ወንዝ ወርዶ በእንዶድ ይታጠባል። ይህን የምትሠራው ሴት ናት፤ ከረባት አስሮ ለሚወጣው ወንድ ሁሉ ከኋላ እጇ በእንዶድ አረፋ የተላላጠ አንዲት ሴት ነበረች። ከዚህ አጠባ አንድ ታላቅ ነገር ተገኝቷል። በ1950ዎቹ አጋማሽ ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ እንዶድ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ የሆኑትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል የታወቀው በዚህ ነው።

ገጠሩን ደግሞ መርሳት አይገባም። ፒያሳ ላይ ቦርሳሊኖ ባርኔጣ በሚደፋበት ዘመን አብዛኛው የአገሩ ሰው በባዶ እግሩ የሚሄድ፣ በአንድ ጋቢ ክረምትና በጋውን የሚገፋ ገበሬ ነበር። በ1966ቱ አብዮት ከረባት የጌቶች ምልክት ተደርጎ መታየቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1967 ተማሪው በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ካኪ ለብሶ ገጠር ወረደ። ዐሥር ዓመት ቆይቶ፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ሲመሠረት፣ ባለ ሥልጣናቱ አንድ ዓይነት የፓርቲ ልብስ ለብሰው ተሰለፉ። ልብስ ሰው ራሱን የሚገልጥበት መሆኑ ቀርቶ የት እንደቆመ የሚመረመርበት ሆነ። ፈርቶ የቀለለ አለባበስ የመረጠ ሰው ብዙ ነው።

ከዚያ በኋላ ሰልባጁ መጣ፤ ጂንሱ መጣ፤ ተሰፍቶ ያለቀ ርካሽ ልብስ ገበያውን ሞላው። ይህ ለብዙ ድኻ ቤተሰብ እፎይታ ነው፤ ልጅ ብርድ አይመታውም፤ ካውያና እንዶድ ዕድሜያቸውን የበሉባቸው እናቶችም ከድካም ዐርፈዋል። የአዘቦት ቀን ግን ወደ አዘቦት ልብሷ ተመለሰች። የክቱ ደግሞ በተቃራኒው ከመጠን በላይ ከበረ። የዛሬ የሐበሻ ቀሚስ ጥለቱ ደረት ሞልቶ እስከ እግር ይወርዳል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወጣል፤ ለአንድ ሠርግ ይሰፋል፣ ቁም ሳጥን ይገባል። ማክሰኞ ቀን ገበያ ስትሄድ ቀለል ያለ ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገች ወጣት በአዲስ አበባ ማየት ብርቅ እየሆነ ነው።

ይህ የሚጎዳው ዓይንን ብቻ አይደለም። ሽሮ ሜዳ ላይ የሚሸመነው ጨርቅ በአብዛኛው የዶርዜ ሸማኔዎች እጅ ሥራ ነው፤ ከውጭ የሚገባው በማሽን የታተመ አስመሳይ ጥለት ደግሞ በዋጋ ይቀድማቸዋል። የክት ልብስ ገዢ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ይመጣል፤ ሸማኔውን በቀሩት ወራት ያቆየው የነበረው የየቀኑ ነጠላና የየቀኑ ጋቢ ነበር። እኔ ብችል በየመሥሪያ ቤቱ፣ በዓል ሳይጠበቅ፣ ተራ ነጠላና ተራ ኩታ በሥራ ቀን ሲለበስ ማየት እወዳለሁ፤ የሸማኔውም ልጅ መወርወሪያውን ከአባቱ የሚረከበው ገዢው ዓመቱን ሙሉ ሲኖር ነው።