ከግልባጩ ወደ መዝገቡ



የሕያዋን ፍጥረታት የአካል ሥርዐት የተጻፈበት ዋናው መዝገብ ዲኤንኤ ይባላል። ከእርሱ የሚቀዳው ግልባጭ አርኤንኤ ነው፤ ፕሮቲንም የሚሠራው በዚህ ግልባጭ ትእዛዝ ነው። ግልባጩ ተመልሶ መዝገብ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ሊቅ ግን እምብዛም አልነበረም።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 አሜሪካዊው ሀዋርድ ቴሚን፤ በዶሮ ላይ ዕጢ የሚያስነሣውን የራውስን ቫይረስ ሲመረምር፤ የቫይረሱ አርኤንኤ ወደ ዲኤንኤ ይለወጣል የሚል አሳብ አቀረበ። ብዙዎች አልተቀበሉትም። በ1970 ግን እርሱና ሳቶሺ ሚዙታኒ በዊስኮንሲን፤ ዴቪድ ባልቲሞርም ለብቻው በማሳቹሴትስ፤ ይህን ሥራ የሚፈጽመውን ኤንዛይም አገኙ። ቴሚንና ባልቲሞር በ1975 ከሬናቶ ዱልቤኮ ጋራ የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ዛሬ ሊቃውንት በዚሁ ኤንዛይም ተጓዳኝ ዲኤንኤ የሚባለውን ይሠራሉ። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ከሕዋስ የወጣው መልእክተኛ አርኤንኤ በጫፉ የአዴኒን ጅራት ስላለው፤ ከታይሚን የተሠራ አጭር መነሻ ይጣበቅበታል። ኤንዛይሙም ከዚያ ተነሥቶ የዲኤንኤን አራት ፊደላት ከአርኤንኤው ፊደላት ጋራ እያዛመደ አንድ ክር ይሠራል። ኋላም አርኤንኤው ተወግዶ በስፍራው ሁለተኛ ክር ይተካል።

አርኤንኤ ፈጥኖ ይበላሻል፤ ዲኤንኤ ግን ይቆያል፤ ይባዛልም። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ከአፍንጫ በተወሰደው ናሙና የቫይረሱ አርኤንኤ ተለይቶ የታወቀው፤ አስቀድሞ በዚህ መንገድ ወደ ዲኤንኤ እየተለወጠ ነበረ።

እንግዲህ ስለ ዶሮ ዕጢ የተነገረው፤ ያልታመነው አሳብ፤ ለሰው ልጅ ጤና መሣሪያ ሆነ። ስለዚህ እንግዳ አሳብ ሲቀርብልን፤ ከመናቃችን አስቀድመን ማስረጃውን ልንመረምር ይገባናል።