የመምህር ምስክርነት

መምህር ለመባል መማር ብቻውን አይበቃም፤ መማሩን የሚመሰክርለት ያሻዋል። የመምህራን የሙያ ፈቃድ በዘመናችን የተወለደ አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር የጉባኤ ቤትን ሥርዐት ይመልከት።

ድጓ የተማረ ሰው በደብሩ ምንም ቢመሰገን፥ ጋይንት ሄዶ በቤተልሔም ካልተመሰከረ፥ የድጓ መምህር ተብሎ ወንበር መዘርጋት አይገባውም። ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አምባ፥ አቋቋም በጎንደር፥ ቅዳሴም በደብረ ዓባይና በሰለልኩላ ይመሰከራል። ስለዚህ የእንደርታ ልጅ ቅዳሴን ሊያስመሰክር ወደ ሽሬ ወደ ደብረ ዓባይ ያቀናል፤ ድጓን ሊያስመሰክር ግን ተከዜን ይሻገራል። በዚያም በገዛ እጁ የጻፈውን ድጓ ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቀመጣል፤ ዜማውን ቢያሳስት፥ ከምልክቱም አንዲቱን ቢያጎድል፥ ይታረማል እንጂ አይታለፍም። የአባቱ ርስት ወይም የዘመዱ ሹመት አያግዘውም።

ቅኔ ግን አንድ የምስክር ቤት የለውም፤ ጎንጅም ዋሸራም ዋድላም በየመንገዳቸው ያስተምራሉ። ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። የትናንቱን ቅኔ ለዛሬ ማምጣት ነውር ስለ ሆነ፥ ዕውቀቱ በየዕለቱ ይመዘናል፤ ባልንጀሮቹም በጉባኤ እየሰሙ ምስክሮች ይሆናሉ።

የመንግሥት ትምህርት ቤት በተስፋፋ ጊዜ፥ አማርኛና ግብረ ገብ እንዲያስተምሩ ከተጠሩት ብዙዎቹ ከዚሁ ጉባኤ የወጡ ነበሩ። በኋላ የመምህራን ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ በ1941 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ተመሠረተ። በመስከረም 1959 ዓ.ም. ደግሞ በፓሪስ የተሰበሰቡ መንግሥታት፥ ማስተማር ጥልቅ ዕውቀት የሚጠይቅ ሙያ መሆኑን፥ ለመምህሩም የሚገባው ክብርና ደመወዝ እንዲሰጠው ተስማሙ። በአገራችንም በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው አራተኛው የትምህርት ዘርፍ ልማት መርሐ ግብር፥ መምህራን ተመዝነው የሙያ ፈቃድ እንዲያገኙ፥ ፈቃዱም በየጊዜው እንዲታደስ አቀደ።

ሁለቱ ሥርዐቶች ቢመዛዘኑ ለእያንዳንዳቸው የሚመሰገኑበትም የሚጎድላቸውም አለ። የጉባኤ ቤት መስካሪ ተማሪውን አብሮት ኖሮ ያውቀዋል፤ ዳሩ ግን ምስክርነቱ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሲወጣ ዋጋው ይቀንሳል፤ ብዙ ዓመት የደከመው ሊቅ በደመወዝ መዝገብ ፊት እንዳልተማረ ሊቈጠር ይችላል። የመንግሥት ወረቀት በየአገሩ ይታወቃል፤ ነገር ግን በአንድ ቀን ፈተና የተሰጠ እንደ ሆነ፥ መምህሩ በልጆች ፊት እንዴት እንደሚቆም አያሳይም።

ከሁለቱም የሚበልጥ ሌላ ጉዳይ ደግሞ አለ። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ፈቃድም ዲፕሎማም ያላቸው መምህራን ለብዙ ወራት ያለ ደመወዝ ቀሩ። ወረቀታቸው በእጃቸው ሳለ ልጆቻቸው ተራቡ። የጉባኤ ቤት ተማሪም ቁራሽ እየለመነ ሲማር፥ መምህሩ ደብሩ ባካፈለው ጥቂት እህል ሲኖር የቈየ ነው። እንግዲህ ምስክርነት ግማሹ ዕውቀትን መመርመር ሲሆን ግማሹ የተመሰከረለትን ማኖር ነው፤ መርምሮ የሚተው አገር መምህሩን አከበርሁ ሊል አይችልም።

የዓይናለም ምእመናን በዚህ በዓል ያለፈውን ዘመን ሲቈጥሩ ሕንፃውንና ንዋየ ቅድሳቱን ብቻ አይቊጠሩ። ልጆቻቸውን ፊደል ያስቈጠረው መምህር ማን እንደ መሰከረለት ይጠይቁ፤ ዛሬስ በምን እንደሚኖር ይመልከቱ። የአንድ ደብር ዕድሜ የሚረዝመው ወንበሩ ባዶ ሳይሆን ሲቀር ነውና።