ሽጉጡን ለ14 ዓመት ያሰረው ወረቀት

የፈጣሪ መብት ካልተከበረ ፈጠራ አያድግም ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ያው መብት ፈጠራን አስሮ ሊያስቀምጥም ይችላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ በአንድ ቀዳዳ ምክንያት የተነሳው ሙግት ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

ሳሙኤል ኮልት በተሽከርካሪ ሽጉጥ (ሪቮልቨር) ላይ የአሜሪካ ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1836 ነው። አሠራሩ ግልጽ ነው። ተኳሹ በየተኩሱ መምቻውን በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ሲስብ ሲሊንደሩ ይዞርና ቀጣዩ ጉድጓድ ከአፈሙዙ ትይዩ ይቆማል። ችግሩ አጎራረሱ ላይ ነበር። እያንዳንዱ ጉድጓድ ከፊት በኩል ባሩድ ይሞላል፣ እርሳሱ በላዩ ይጠቀጠቃል፣ ከኋላ ደግሞ ትንሽ የመለኮሻ ቆብ ይደረግበታል። ስድስቱን ተኩሶ የጨረሰ ፈረሰኛ በውጊያ መሃል እንደገና ማጉረስ ማለት ምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

መፍትሔውን በወረቀት ያሰፈረው ሮሊን ኋይት የተባለ የጦር መሣሪያ ሠራተኛ ነው። ቀደም ሲል በኮልት ፋብሪካ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 3 ቀን 1855 ያገኘው ፓተንት በአብዛኛው ለሥራ የማይመች ንድፍ ቢሆንም አንድ ነጥቡ ግን ወርቅ ነበር፤ የሲሊንደሩ ጉድጓዶች ከፊት እስከ ኋላ ዘልቀው የተበሱ ናቸው። ይህ ከሆነ ባሩዱንና እርሳሱን በአንድ ቀለህ የያዘ ጥይት ከኋላ በኩል ማጉረስ ይቻላል ማለት ነው።

ነጥቡ የገባቸው ስሚዝና ዌሰን ነበሩ። በ1856 ከኋይት ጋር ተዋዋሉ፤ ለእያንዳንዱ ሽጉጥ 25 ሳንቲም ሊከፍሉት። ውሉ ግን አንድ መርዝ ነበረው፦ መብቱን የጣሰ ሰው ሲገኝ ከሶ የሚሟገተው ራሱ ኋይት ነው። ኩባንያው በ1857 የመጀመሪያውን ትንሽ ሽጉጥ ለገበያ አቀረበ። የኮልት ፓተንትም በዚያው ዓመት አበቃ። ይሁን እንጂ ሌሎች ፋብሪካዎች የኮልትን ንድፍ መቅዳት ቢችሉም ሲሊንደሩን ዘልቀው መብሳት አይችሉም ነበር።

ከዚያ የእርስ በርስ ጦርነቱ መጣ። ከ1861 እስከ 1865 የተዋጉት ወታደሮች በብዛት የያዙት በባሩድና በመለኮሻ ቆብ የሚሠሩትን የኮልትና የሬሚንግተን ሽጉጦች ነበር። የተሻለው መንገድ ታውቋል፤ ግን ባለቤት አለው።

ፋብሪካዎቹ መሹለኪያ መፈለጋቸው አልቀረም። የኮልቱ አሌክሳንደር ቱዌር በ1868 ከኋላ ቀጠን ብሎ ከፊት የሚጎርስ ጥይት ፈጠረ። ዘልቆ ከመብሳት ለመዳን የተደረገ ዘዴ ነበር፤ ገበያ ግን አልቀናውም። ሬሚንግተን በዚያው ዓመት ሌላ መንገድ መረጠ፤ ስሚዝና ዌሰንን አስፈቅዶ፣ እየከፈለ፣ ከ4 ሺህ በላይ ባለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጦችን ወደ ባለ አምስት ጥይት ለወጠ።

በሚያዝያ 1869 የኋይት ፓተንት ጊዜው አለቀ። ኮንግረስ መብቱን የማስረዘም ዕድል እንዲሰጠው ሕግ ቢያወጣም ፕሬዚዳንት ግራንት በጥር 1870 ውድቅ አደረጉት። የተመረኮዙት በጦር መሣሪያ ክፍል ኃላፊው ጄኔራል ዳየር አስተያየት ላይ ነበር። በጦርነቱ ወቅት በዚህ ፓተንት ምክንያት መንግሥት ብዙ ተቸግሯል የሚል ነው። ኋይት ካገኘው ገንዘብ አብዛኛውን ሙግት በልቶት ነበር።

ገመዱ ሲፈታ ሥራው ፈጠነ። ቻርልስ ሪቻርድስ በ1871 ባገኘው ፓተንት መሠረት ኮልት የድሮዎቹን ሲሊንደሮች ጀርባ እየቆረጠ፣ በምትኩ የብረት ሰሌዳና በጎን የሚከፈት የማጉረሻ በር እየገጠመ በሺዎች የሚቆጠሩ ሽጉጦችን ለአዲሱ ጥይት አመቻቸ። ዊሊያም ሜሰን አሻሻለው። ከዚህ ልምድ በ1873 የአሜሪካ ጦር የተቀበለው ዝነኛው የኮልት ሽጉጥ ተወለደ።

አሮጌውን ቆርጦ ማደስ ለኢትዮጵያም ሩቅ ታሪክ አይደለም። በሚያዝያ 1868 ፊታውራሪ ገብርዬ በወደቁበት በአሮጌ ሜዳ እንግሊዞች የተኮሱበት ስናይደር፣ ከአፈሙዙ ይጎርስ የነበረው ኢንፊልድ ጀርባው ተቆርጦ የታደሰ ጠመንጃ ነበር። ፈጣሪው አሜሪካዊው ጄኮብ ስናይደር ግን ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በክፍያ ሲከራከር፣ ከሁለት ዓመት በፊት በዕዳ እንደተያዘ ሞቷል።

ሁለቱን ታሪኮች አስተያዩ። ስናይደር ሥራው በጥቅም ላይ ዋለ፣ እሱ ግን ተገቢውን ሳያገኝ ሞተ። ኋይት መብቱ በሕግ ተከበረለት፤ ሀብቱን ግን ያካበተው መብቱን የተከራየው ኩባንያ ሲሆን፣ የመዘግየቱን ዋጋ የከፈለው ደግሞ በጦር ሜዳ ባሩድ ሲጠቀጥቅ የነበረው ወታደር ነው። የፈጠራ ሕግ የሚያወጣ አገር ሁለቱንም ማሰብ አለበት፦ ፈጣሪው ባዶ እጁን እንዳይቀር፣ ሕዝቡም የተገኘው መፍትሔ በወረቀት ታስሮ በደጁ እንዳያልፍ።