ገንዘቡን «ይቅርብን» ያለው ምክር ቤት

ገንዘብ ሲቀርብለት እምቢ የሚል የከተማ ምክር ቤት እምብዛም አይገኝም። ከሙምባይ ጎን ያለችው የናቪ ሙምባይ ምክር ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ እምቢ አለ።

ነገሩ የተጀመረው በዚያው ዓመት ጁን 25 ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ «ስማርት ሲቲ ሚሽን»ን ይፋ አደረጉ። 100 ከተሞች ተወዳድረው ይመረጣሉ፤ ለእያንዳንዳቸው ማዕከላዊው መንግሥት በአምስት ዓመት 5 ቢሊዮን ሩፒ ይሰጣል፣ ክልሉና ማዘጋጃ ቤቱም ያንኑ ያህል ይጨምራሉ። ለግዙፎቹ ከተሞች ይህ ብዙ አይደለም። እንደ ኡጃይንና ሳጋር ላሉት መካከለኛ ከተሞች ግን በየዓመቱ የማይገኝ ሲሳይ ነበር።

ችግሩ ገንዘቡ የሚያልፍበት መንገድ ነው። የሚረከበው ማዘጋጃ ቤቱ ሳይሆን ለዚሁ የሚቋቋም ኩባንያ ነው። ድርሻው የክልሉና የማዘጋጃ ቤቱ እኩል በእኩል ነው ይባላል፤ ሊቀመንበሩ ግን ሕዝብ የመረጠው ከንቲባ ሳይሆን ክልሉ የሚወስነው ሹም ነው። ህንድ እኮ በ1992 ሕገ መንግሥቷን ለ74ኛ ጊዜ ያሻሻለችው የተመረጡ ምክር ቤቶች ከተማቸውን እንዲያስተዳድሩ ብላ ነበር! የናቪ ሙምባይ ተመራጮች ያሉትም ይህንኑ ነው፤ ሥልጣናችንን ለኩባንያ አንሰጥም።

ሌሎቹ ተቀበሉ። ከገንዘቡ አብዛኛው የፈሰሰው ለከተማው ሁሉ ሳይሆን ተመርጦ ለተከለለ ትንሽ ሰፈር ነው። ቦፓል ላይ መጀመሪያ የተመረጠው ሺቫጂ ናጋር የተባለ ዛፍ የሞላበት ሰፈር ነበር። በ2016 ነዋሪው ተቃወመና ፕሮጀክቱ ወደ ቲ.ቲ. ናጋር ተዛወረ። እዚያም ዛፍ መቆረጡ አልቀረም፤ ቢሆንም ዕቅዱን ያስቀየረው ጎዳና ላይ የወጣ ሕዝብ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሁሉም ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም። በ100ዎቹም ከተሞች የካሜራና የመረጃ መቆጣጠሪያ ማዕከል ተቋቁሟል፤ በኮቪድ ጊዜ ብዙዎቹ አምቡላንስና የሆስፒታል አልጋ ማስተባበሪያ ሆነው አገልግለዋል። ይህ ውለታ ነው።

ፕሮግራሙ በተደጋጋሚ ተራዝሞ በማርች 2025 ተዘጋ። ካሜራው ግን ጥገና ይፈልጋል፣ ሶፍትዌሩም ዕድሳት። የማዕከሉ ገንዘብ ሲቆም ወጪው የሚወድቀው በክልሎቹና በማዘጋጃ ቤቶቹ ላይ ነው፤ ሲገዛ ወሳኝ ባልነበሩት በእነዚያው ማዘጋጃ ቤቶች።