ያልወለዱ እናቶች



በመስከረም ወር ለልጆች ደብተርና ዩኒፎርም መግዣ የሚሰጠውን ብድር ስንመዘግብ አንዲት አባላችን ቅጿን ይዛ ወደ ሒሳብ ክፍል መጣች። «የወለድሻቸው ልጆች ብዛት» በሚለው ቦታ ሰረዝ አድርጋ፣ ከሥሩ የሟች እኅቷን የሦስት ልጆች ስም ጽፋለች። መተዳደሪያ ደንባችን ብድሩ «ለወለደች አባል» እንደሚሰጥ ስለሚል መለስናት። ደንቡን አክብረናል፤ ማታ ሒሳቡን ስንዘጋ ግን ነገሩ አልዋጥልን አለ። እናም በአገራችን የክርስትና ታሪክ እናት የሚለው ስም ለማን ሲሰጥ እንደኖረ ለማየት መጻሕፍት ገለጥን።

ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. ከ1592 እስከ 1642 የኖረች፣ ከመኳንንት ቤት የተወለደች ሴት ናት። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል ነበር። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት ባዘነበለበት ዘመን ባሏንና ሀብቷን ትታ መነኰሰች፤ ሕዝቡም የአባቶቹን ሃይማኖት እንዳይለቅ አስተማረች። በዚህ ተከስሳ በንጉሡ ሸንጎ ፊት ቀረበች፤ በኋላም ዥበይ ወደሚባል በረሃ ተጋዘች።

እኛን ያስደነቀን ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። በግዞት ሳለች ሰዎች ፈልገዋት መጡ፤ ወንዱም ሴቱም፣ መነኩሴውም ምእመኑም። የመጀመሪያው ማኅበሯ እዚያው በረሃ ላይ ተመሠረተ፤ ከግዞት ከተመለሰች በኋላ በጣና ዙሪያ ሌሎች ተጨምረው ሰባት ደረሱ። የሒሳብ ሰዎች ነንና መጀመሪያ የጠየቅነው፣ ያን ሁሉ ሰው ምን አበላችው የሚለውን ነበር። በአንድነት ሥርዓት «የእኔ» የሚባል ነገር የለም፤ እህሉ አንድ ጎተራ ይገባል፣ ከአንድ ማዕድ ይበላል። እርሷ ራሷ የጌታ ልጅ ሆና ሳለ እንደ ገረድ እህል ትፈጭ፣ ውኃ ትቀዳ እንደነበር ገድሏ ይተርካል። በድንጋይ ወፍጮ ፈጭታ የምታውቅ አባላችን ሁሉ ይህ ምን ያህል ወገብ የሚቆርጥ ሥራ እንደሆነ አትስተውም።

ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መለሰ፤ ልጁ ፋሲልም ነገሠ። ወለተ ጴጥሮስ ከዚያም በኋላ አሥር ዓመት ያህል ማኅበሮቿን ስትመራ ኖራ ዐረፈች። ገድሏ የተጻፈው በ30 ዓመቱ፣ በ1672 ነው። ጸሐፊው ገላውዴዎስ በግእዝ «እምነ» ይላታል፤ እናታችን ማለት ነው። ሦስት ልጆች ቀብራ፣ ከአብራኳ የወጣ አንድም ልጅ ለአቅመ አዳም ያላደረሰች ሴት ናት እንዲህ የተባለችው።

ነገሩ ከእርሷም የቆየ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት የመጨረሻ ምዕራፍ ለሩፎስ ሰላምታ ሲልክ፣ የሩፎስን እናት ለእርሱም እናቱ አድርጎ ያነሣታል። ስሟ አልተጻፈም። ምን እንዳደረገችለትም አልተነገረም፤ አብልታው ይሆናል፣ ታሞ አስታምማው ይሆናል። በእኛም ዘንድ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ ክርስትና የምታነሣት ሌላ እናት አለቻት።

በዘመናችን ደግሞ ወይዘሮ አበበች ጎበናን አይተናል። እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ተሳልመው ሲመለሱ ወሎ በረሃብ ተመትቶ አገኙት፤ ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ዓመቱ ሳያልቅ ልጆቹ 21 ሆኑ። ባለቤታቸው በዚህ ስላልተስማሙ ሞቅ ያለ ትዳራቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ፤ እንጀራና ቆሎ እየሸጡም አሳደጓቸው። እኒያ 21 ልጆች በእኛ ቅጽ ቢሞሉ አንዳቸውም አይቆጠሩም ነበር።

ቅጹን ያዘጋጀነው እኛው ነን። «የወለድሻቸው» የሚለውን ቃል ከሌላ ቅጽ ስንገለብጥ አላሰብንበትም። አሁን መዝገቡን መልሰን ብናይ ያልወለዷቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 11 አባላት አሉን፤ የእኅት ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ። ቃሉ «የምታሳድጊያቸው» ተብሎ እንዲለወጥ ለጥር ጠቅላላ ጉባኤ ሐሳብ አቅርበናል። ገንዘቡ ያው ነውና ለእያንዳንዷ ተበዳሪ የሚደርሰው ይቀንሳል። ይህን ከአባላትም ከደጋፊዎቻችንም አንደብቅም፤ ድምፅ የምትሰጡት ይህን አውቃችሁ ይሁን።

ያቺን እኅታችንን ግን ጉባኤውን ሳንጠብቅ ቤቷ ሄደን ይቅርታ ጠየቅናት። ቡና እያፈላችልን ሳለ ትንሹ ልጅ ከትምህርት ቤት ገባ። ደብተሩን ከሰፈር ሱቅ በዱቤ ገዝታለት ኖሯል።